በጉም ቀን ፊት የሚሄደው

«ታውቅ ነበር ማለት ነዋ» አለች እህትየዋ። ታላቅ ወንድሟ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ዝናቡ እንደገና የቆርቆሮውን ጣሪያ መታው። አፉን ገጠመ።

በዚያ ቤት ዝናብ እየዘነበ መጣላት አይቻልም። የከለከለ የለም፤ አይሰማም እንጂ። ኮረብታው ላይ ዝናብ ሲወርድ ከላይ ሆኖ ጠጠር በአቁማዳ የሚደፋ ሰው ያለ ይመስላል። ስለዚህ ጠብ የሚጀመረው ሲያባራ ነው፤ ደመናው ሲመለስ ደግሞ ይቆማል፤ ሁሉም ነገሩን በሆዱ ይዞ ቀጣዩን ፋታ ይጠብቃል። ወንድምየው የእንግዶቹን ቦቲ ጫማ ጭቃ በስንጥር መፋቁን ቀጠለ። እህትየዋ ምድጃው አጠገብ የደረቁትን የዝናብ ልብሶች ታጥፋለች። እናትየዋ ድንች ትልጣለች። የጠቡ ምክንያት የሆነው አባታቸው ውጭ ክፈፉ ሥር ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ ገመድ ይጠቀልላል።

ዝናቡ ጋብ ሲል እህትየዋ ካቆመችበት ቀጠለች።

«ጆሮው እንደማይሰማ እያወቅህ ገደል ለገደል ታስመራዋለህ?»

«ቀስ በይ፣ አባርቷል እኮ» አለቻት እናቷ። እህትየዋ ከከተማ ከመጣች ጀምሮ በዝናብም ያለ ዝናብም የምትናገረው በአንድ ድምፅ ነበር።

አባትየው መንገድ መሪ ነው። ፏፏቴዎቹንና ዋሻዎቹን ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ይዞ ሲወጣና ሲወርድ ነው ያረጀው። ሰፈሩ «ባለጆሮው» ይለዋል። በእነዚያ ኮረብታዎች ላይ የዓመቱ ግማሽ ጉም ነው፤ ጉም ሲወርድ ሌሎቹ መንገድ መሪዎች እንግዶቻቸውን ሻይ ቤት ያስቀምጣሉ፤ እሱ ግን ይወጣል። ፏፏቴዎቹን በድምፃቸው ያውቃቸዋል። አንዱን «ጎርናናው» ይለዋል፤ በወፍራም ድምፅ ያጉረመርማል። ሌላዋን «ወሬኛዋ» ይላታል፤ በብዙ ድንጋይ ላይ ስለምትዘል ለአፍታም አታርፍም። በሁለቱ መሃል ራሱን እያስተካከለ፣ ምንም ሳያይ፣ ሰው ያደርሳል።

ይህ ጆሮ ነው የሄደው። እህትየዋ ያወቀችው በመጣችበት ምሽት ነው። የምትሠራው ቆላ ከተማ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሽመና አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚያ በማሽኑ ጩኸት ብዙ ሠራተኛ ጆሮውን ያጣል፤ ያጣ ሰው ምን እንደሚያደርግም ታውቃለች። የሰው አፍ አፍ ያያል። እንዳይጠየቅ ቀድሞ ይናገራል። ሰው ሲስቅ ትንሽ ቆይቶ ይስቃል። አባቷ ማዕድ ላይ ሦስቱንም አደረገ።

የቤቱ ሰው እንዴት ሳያውቅ ኖረ ቢባል፣ ጥፋቱ የዝናቡ ነው። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ጣሪያ ሥር ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሁሉም በእጅና በአገጭ ነው የሚግባባው፤ ሁሉም «እ?» ይላል። ሁሉም ደንቆሮ በሆነበት ቤት አንዱ እውነተኛ ቢሆን ማን ይለየዋል? እናትየዋ ሲነገራት ቢላዋውን አስቀምጣ ወደ ውጭ ተመለከተችና፣ «ሰውየው ድሮስ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል? እኔ ያው እንደ ልማዱ መስሎኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ድንቹን ስትልጥ ልጣጩ እየወፈረባት ነበር።

ወንድምየው ግን ያውቅ ነበር። አሁን ፋታውን አግኝቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ካቻምና ክረምት፣ ጉም ውስጥ፣ አባታቸው እንግዶች ይዞ ወደማይሆን አቅጣጫ ታጠፈ። ወንድምየው በዚያን ጊዜ ሥራው ከሰልፉ መጨረሻ መሄድ ነበር፤ ሮጦ ደርሶ ገመዱን ወደ ግራ ሳብ አደረገው። አባትየው ምንም ሳይል ወደ ግራ ዞረ። በማግስቱ ወንድምየው ከኋላ መሄዱን ትቶ ሁለተኛ ሆነ፤ ገመዱን ከአባቱ ቀጥሎ ያዘ። ከዚያ ወዲህ በጉም ቀን ሁሉ እንዲሁ ነው። ወደ ቀኝ ሲሳብ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሳብ ግራ።

ነግረኸዋል ወይ አለችው። አልነገርኩትም አላት። ጠይቆህ ያውቃል? አያውቅም።

«ታዲያ እንዴት ተግባባችሁ?»

«ገመዱን ሳብኩት፤ ዞረ። በቃ።»

ይህ እንግዶቹን ማታለል ነው አለች። ወንድምየው መንገዱን የሚመራው እሱ ራሱ መሆኑን፣ አባታቸው ፊት ብቻ እንደሚሄድ፣ አንድም ሰው አንድም ቀን እንዳልተንሸራተተ ነገራት። እንግዲያው አንተ ፊት ሂድ፣ አባዬ ወደ ከተማ ይምጣና ሐኪም ይየው አለች። ወንድምየው የሚፍቀውን ጫማ አስቀመጠ።

«ስሚ እቴ። ጠዋት ከአልጋው የሚያነሳው ምን መሰለሽ? ጉም ነው። መስኮቱን ከፍቶ ጉም ካየ ጫማውን እየፈለገ ነው። ፀሐይ ከሆነ እስኪረፍድ ይተኛል። አንተ ጭራ ሁን ልበለው?»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

«ንገሪው። አፍ እንደሆነ አላጣሽም። ግን መጀመሪያ ነገ ከእኔ ቦታ ሆነሽ ውጪ። ከኋላው ገመዱን ይዘሽ ሂጂ። ከዚያ ወዲያ ልንገረው ካልሽ እኔም አልከለክልሽም።»

እህትየዋ እሺ አለች። እሷ ከነገረችው አባቷ ዳግመኛ ፊት እንደማይቆም ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ በሰው ምሕረት የሚሄድ ሰው አይደለም። ዝናቡም ተመልሶ ጣሪያውን ያዘው።

ጠዋት ጉም ነበር። እንግዶቹ አራት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አንድ የባንክ ሠራተኛ ከባለቤታቸው ጋር፣ እና ገና እጅ ለእጅ ካልተያያዙ መራመድ የማይችሉ አዲስ ተጋቢዎች። አባትየው ግቢው ውስጥ አሰልፎ ለአልቅት የሚሆን ጨው በጨርቅ ቋጥሮ አደላቸው፤ ለሁሉም የሚያደርገውንም ንግግር አደረገላቸው። ከበሩ ከወጣን በኋላ ዓይን ሥራ ፈት ነው፤ ገመዱን የለቀቀ ግን ሚስቱን እንደለቀቀ ይቆጠራል፤ መልሶ ለማግኘት ብዙ ሽማግሌ ያስፈልገዋል። ተጋቢዎቹ ሳቁ። ባንከኛው መንገዱ ሩቅ ነው ወይ ብለው ጠየቁት።

«አምና ከዚህም ይብስ ነበር» አለ አባትየው።

እንግዶቹ እንደገና ሳቁ። እህትየዋ ከሳቃቸው ገባት፤ የመንገድ መሪ ቀልድ ነው ብለው ተቀብለውታል። ሁለት ክረምት እንዲህ አልፎት ይሆናል፤ የሳተው መልስ ሁሉ ጨዋታ አዋቂ እያሰኘው።

ድንጋይ ደረጃው ከቤታቸው ጓሮ ይጀምራል። የድንጋይ ሽበት ለብሶ እንደ በግ ለምድ ይረጥባል። እህትየዋ ከስንት ጊዜ በኋላ እግሯ የደረጃዎቹን ማነስና መብለጥ እንዳልረሳው አስተዋለች፤ የሚወላውለው ድንጋይ ጋ ስትደርስ ሳታስበው ወደ ዳር ረገጠች። የሾላዎቹ ድልድይ ጋ ደረሱ። ከጅረቱ ወዲህና ወዲያ የቆሙ ሁለት ሾላዎች ሥሮቻቸውን በአየር ላይ ልከው ተያይዘዋል፤ ሰው ገና ቀጭን ሳሉ በሽቦ እያሰረ መንገድ አሳያቸው፣ ቀሪውን እነሱ ጨረሱት። ልጆች ሳሉ አባታቸው በየዓመቱ አዲስ ሥር ያሳስራቸው ነበር። ወንድሟ ያሰረው አሁን እንደ ጭን ወፍሯል። የእሷ የትኛው እንደሆነ ስትፈልግ ባንከኛው ከኋላ መጡባትና ማለፍ ግድ ሆነ።

ቀጥሎ የሚተነፍሰው ዋሻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከውስጡ ቀዝቃዛ ንፋስ ያወጣል፤ ወደ ማታ ደግሞ መልሶ ይስባል። አባትየው ለእንግዶቹ አንዳንድ ቅጠል ሰጥቶ አፉ ላይ እንዲይዙት አደረገ፤ ቅጠሉ ወደ ፊታቸው ተመለሰ። በአንድ የልጅነት ምሽት ዋሻው የእህትየዋን ሻርፕ ስቦ ወስዶባታል። ስታለቅስ አባቷ ነገ ጠዋት ሲተነፍስ ይመልስልሻል ብሎ አባበላት፤ በነጋታው ገና ሳይነጋ ዋሻው አፍ ላይ ተገኘች። ሻርፑ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አባቷ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ገብቶ እንዳመጣው የነገራት እናቷ ናት፤ ያውም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሌላ ወሬ መሃል።

ያን ጊዜ እንግዳ የሌለበት ቀን የእነሱ ነበር። ሦስቱ ይወጣሉ። አባታቸው ጉሙ ውስጥ ያቆማቸውና ዓይናቸውን አስጨፍኖ፣ በትከሻቸው ይዞ እንደ እንዝርት አሹሮ፣ «የት ነን?» ይላቸዋል። ወንድሟ በሽፋሽፍቱ ሥር ያጮልቃል፤ ያም ሆኖ ይስታል። እሷ አታጮልቅም። ትንሽ ትቆይና፣ ጎርናናውን እዚህ፣ ወሬኛዋን እዚያ አድርጋ ቤታቸው ያለበትን በጣቷ ትጠቁማለች። አባቷ ለሰው ሲያስተዋውቃት «ይቺ ጆሮዋ የእኔ ነው» ይል ነበር። በእናቷ ወጣች የሚሉትን አክስቶቿን ሁሉ በዚህ ነበር አፍ የሚያስይዛቸው።

ከዋሻው በላይ ዛፉ አለቀ፤ ራቁቱን የተዘረጋ አለት ላይ ወጡ። እዚህ መንገድ የለም። ዝናቡ ዱካ አያስቀምጥም፤ ወንድምየው አንድ በጋ በነጭ ቀለም ምልክት ቢያደርግበት በክረምቱ ሽበት በላው። ጉሙ እዚህ ላይ ወፈረ። እህትየዋ ከፊቷ የአባቷን ጀርባ እንጂ ሌላ አታይም፤ ከኋላዋ ባንከኛው ያስላሉ፤ ከእሳቸው ኋላ ባለቤታቸው፣ ተጋቢዎቹ፣ መጨረሻ ላይ ወንድሟ። ደንቡን ታውቀዋለች። ጎርናናው በግራ ጆሮ፣ ወሬኛዋ በቀኝ ጆሮ እኩል እስኪሆኑ ቀጥ ብሎ መሄድ፤ እኩል ሲሆኑ ወደ ግራ መታጠፍ። ያለፈው ሰው ገደሉን ያገኛል።

አባትየው ፍጥነቱን ቀነሰ። ገመዱ በእጇ ላላ። እየጠበቃት ነው።

ጆሮዋን አቀናች። ሁል ጊዜ አብሯት ያለውን፣ እንደ ድካም የምትቆጥረውን ድምፅ ሰማች፤ የሽመናውን አዳራሽ ጩኸት። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ፤ ውሃ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን አንድ ውሃ ነው፤ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ፣ ወፍራምና ቀጭን የሌለው። ኮፍያዋን አወለቀች። ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሿን ያዘች። ጎርናናው ከዚያ መሃል አልወጣም፤ ወሬኛዋም አልወጣችም።

ገመዱን ወደ ግራ ልትስበው እጇን አነሳች፤ ደግሞ መለሰችው። ገና ከሆነስ? አልፈው ከሆነስ? አባቷ ቆመ። እሷም ቆመች። ከኋላ ባንከኛው፣ መንገዱንም የመሥሪያ ቤት ሻይ ሰዓት ያዘው መሰለኝ እያሉ ይቀልዳሉ።

አባትየው ዞሮ አያት። ከመጣች ጀምሮ የሰውን አፍ ነበር የሚያየው፤ አሁን ግን ዓይኗን ነው ያየው። ራቁት ጆሮዋን አየ፤ በጣቶቿ መሃል የተንጠለጠለውን ገመድ አየ። ልትስቅለት ሞከረች፤ እምቢ አላት። ሰሞኑን በጩኸት ብቻ ይናገር የነበረው ሰው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት፤ ከከንፈሩ ነው የለቀመችው።

«አንቺም?»

ራሷን ነቀነቀች።

በእርጥብ መዳፉ ጆሮዋን ሸፈነው፤ ልጅ ሳለች ጆሮዋን ሲያማት እንደሚያደርገው። ከዚያ ኮፍያዋን መልሶ አለበሳትና በጉሙ ውስጥ ልጁን ጠራው። ወንድምየው በእንግዶቹ ጎን እየተሽሎከለከ መጣ። ሁለቱን ፊት ለፊት ቆመው ሲያይ ነገሩን ለአባቱ የነገረችው መስሎት እህቱን በቁጣ ገረመማት።

«ፊት ሂድ» አለው አባቱ፣ የገመዱን ጫፍ እየሰጠው።

ወንድምየው በእጁም በአፉም እየተናገረ፣ እንግዶቹ እኮ በአንተ ነው የመጡት፣ ትንሽ ነው የቀረን፣ አንተው ጨርሰው አለው።

«ሁለት ክረምት ስትገፋኝ ኖረሃል፤ አሁን ጎትተኝ» አለ አባትየው።

ወንድምየው ገመዱን ተቀበለ። ተቀብሎም ወዲያው አልተራመደም፤ እንደ ልጅነቱ በሽፋሽፍቱ ሥር አባቱን ሲያይ ቆየ። አባትየው ግን ወደ ኋላ መሄድ ጀምሮ ነበር። በእያንዳንዱ እንግዳ አጠገብ ሲያልፍ ትከሻቸውን ቸብ እያደረገ፣ ባንከኛውን አይዞዎት፣ ዕድሜ ለጉልበትዎ፣ ተጋቢዎቹን እስካሁን አልተላቀቃችሁም ወይ እያለ፣ የመጨረሻውን ቦታ ያዘ። እህትየዋም ተከትላው ሄደችና ከእሱ ፊት ቆመች። ገመዱ ተወጠረ። ጥቂት እንደሄዱ ወደ ግራ ታጠፉ።

ከአለቱ ጫፍ ሲደርሱ ጉሙ ከሥር ጀምሮ ይነሳ ነበር። መጀመሪያ ሸለቆው ታየ፣ ቀጥሎ የማዶው ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ከላይ፣ አንገት እስኪቀነጠስ ካላዩ ከማይታይበት ከፍታ ላይ፣ ሦስተኛው ፏፏቴ። አባትየው «ዝምተኛው» ብሎ ነበር ያወጣለት። ቀጭን ነው፤ ከአፋፉ እንደ ነጠላ ጥለት ይወርዳል፤ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ንፋሱ ያገኘውና ይበትነዋል። ውሃው ጭስ ይሆናል፤ ጭሱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ምድር ሳይነካ ይጠፋል። ከሥሩ ያለው ገደል ግን ዓመቱን ሙሉ እንደራሰ ነው፤ ጠብታ የማያርፍበት አንድም ቅጠል የለም፤ ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የጥፍር ያህል ሐምራዊ አበቦች ተሰክተዋል። ፀሐይ ትንሽ ስታበራ ጭሱ መሃል ቁራጭ ቀስተ ደመና ይበቅላል፤ ንፋሱ ሲዞር ይነቀላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ድምፅ የለውም።

እህትየዋ ልጅ ሆና እዚህ ቁጭ ብላ ያየችው ያው ነው። ምንም አልጎደለባትም።

ከቤት ጀምሮ ሲናገሩ የመጡት ባንከኛ ዝም አሉ። ባለቤታቸው የዝናብ ልብሳቸውን ፈትተው አለቱ ላይ ዘረጉና ተቀመጡ። ተጋቢዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ለእጅ ተላቀው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቆሙ።

ወንድምየው እህቱ አጠገብ መጣ። አፉን እንድታይ ፊት ለፊቷ ቆመ፤ ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ሁለት ክረምት ከአባቱ ጋር የለመደው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ እንጃ። አዳራሹ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሁላችንም በእጅ ነው የምናወራው። ማን ያውቃል?»

«እኛን ስትወቅሺ ግን ዳኛ ነበርሽ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ስትስቅ ዓይኗን ጠረገች። ወንድሟ ቀልዱን ትቶ፣ ሰኞ አብሬሽ ወርጄ ሐኪም ጋ አደርስሻለሁ አላት። ቤቱንስ ለማን ጥለህ አለችው። መልስ ሳይሰጣት ባንከኛው ጠሩት። ውሃው ለምን እንደማይደርስ፣ በበጋ ይደርቅ እንደሆነ፣ ከላይ ምን እንዳለ ጠየቁት። ወንድምየው በአባቱ ቃል፣ በአባቱ ቅደም ተከተል ያስረዳቸው ጀመር፤ ተጋቢዎቹም ለመስማት ተጠጉ። እህትየዋ ወደ ጭሱ ዞረች፤ ቀስተ ደመናው ተመልሶ በቅሎ ነበር።

ጉሙ ከአለቱ ላይ ሁሉ ለቅቆ፣ የመጡበት አቅጣጫ እስከ ዛፎቹ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። አባትየው ገመዱን ከድንጋይ ላይ አኖረው። ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጣበቀች አልቅት በጨው አስለቀቀ፣ የቦቲውን አፍ አስተካከለ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በተዘረጋው አለት ላይ፣ ወደ መጡበት፣ ማንም ሳይስበው ቁልቁል መራመድ ጀመረ።